መቶ ሺህ ለአርባ አንድ ሲካፈል

ቁጣዬን ከአባቴ ወረስሽው ይሉኛል። የቁጥር ፍቅሬን ከማን እንደወረስኩት ግን የሚያውቅ የለም። በእኛ ቤት ሰው አይቆጠርም፣ ከብት አይቆጠርም፣ ቀፎ አይቆጠርም። «የተቆጠረ ነገር ረድኤት ያጣል» ትላለች እናቴ። ልጅ ሆኜ ላሞቻችንን በጣቴ እየጠቆምኩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል ደርሳብኝ እጄን በጨንገር ሸንቁጣዋለች። ያ እጅ ይኸው አድጎ እንጅባራ ላይ ሒሳብ ያስተምራል።

ነገሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እናቴ ከመረቀችኝ አሥራ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ረገመችኝ ማለቴ አይደለም፤ ክፉ ቃል እንኳ አልወጣትም። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ጌታን ተቀበልኩ። ያገሬ ሰው «ጴንጤ ሆነች» ብሎ ባጭሩ ዘጋው፤ እናቴ ምንም አላለችም። ምርቃቷን ብቻ ያዘች። ወንድሜና እህቴ ከእሷ ቤት ሲወጡ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ይላሉ፤ እሷም አናታቸው ላይ እንትፍ እንትፍ ብላ «ክፉ አይንካህ፣ መውጫ መግቢያህን ያሳምረው፣ የሰው ፍቅር ይስጥሽ» እያለች ትደረድረዋለች። የእኔ ተራ ሲደርስ «በይ ደህና ግቢ» ነው። ለሚኒባስ ረዳት እንኳ ከዚህ የተሻለ ይባላል! ጎንበስ ብዬ ጠብቄ ጠብቄ በባዶ አናት ቀና ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ትዳሬ ሲፈርስ ቻልኩት፤ ሰው ሲያማኝ ቻልኩት፤ ይህን ግን አልቻልኩትም። ከእናቴ የምፈልገው ምርቃቷን ብቻ ነበር።

አምና በመስከረም መጨረሻ፣ ከአዘና ወዲያ ባለው ቀበሌያችን ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወርድ አንሸራቷት ወደቀች። ወጌሻ አሸው፤ ጭራሽ አበጠ። ወንድሜ ከሰፈር ጎበዞች ጋር በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ተሸክሞ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ እንጅባራ አመጣት። ቅልጥሟ ተሰብሯል ተባለ፣ ጀሶ ታሰረላት። ሐኪሙም «ያረጀ አጥንት ቶሎ አይገጥምም፤ ለወራት ከዚህ እንዳትርቅ» አለ። ሐኪም ቤቱ አጠገብ ያለው ቤት ደግሞ የማን ነው? የእኔው! በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ያልረገጠችው ደጄን ተሸክመው አስገቧት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው ያሳለፈችው። ሳበላት ትበላለች፣ ሳጥባት ትታጠባለች፣ «ተባረኪ» ግን የለም። እኔ ረቡዕና ዓርብ አልጾምም፤ እሷ ከገባች ወዲያ ግን ሥጋና ቅቤ ከቤቴ አወጣሁ፤ ድስቴ ሁሉ የሽሮ ሆነ። አየች፤ ሽሮውን በላች። የእኔና የእሷ ዝምታ በዚያች ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሆኖ አብሮን ይኖር ነበር።

ጥቅምት የገባ ዕለት ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ጫማዬን ሳስር ጠራችኝ። ከእናቴ ጋር የምናወራው በአዊኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«አንቺ የቁጥር ሰው አይደለሽ?» አለችኝ።

«ምነው?»

«መቶ ሺህ ኪርያላይሶን ተስያለሁ።»

«መቶ ሺህ!»

«ምን ያስጮህሻል፤ እግሬ እንጂ ጆሮዬ አልተሰበረ።»

ከትራሷ ሥር መቁጠሪያዋን አወጣች። ጥቁር ክር ላይ የተሰካ አርባ አንድ ፍሬ ነው። ለምን አርባ አንድ እንደሆነ ቄስ ይጠየቅ፤ እኔ የማውቀው የጸሎት ቁጥር መሆኑን ነው። አንዱን ፍሬ በጣቷ ስታሳልፍ አንድ ኪርያላይሶን ትላለች፤ ክሩ ሲዞር አርባ አንድ ማለት ነው።

«በዚህ ስንት ዙር ይሆናል?»

ደወሉ ሊደወል ነው፣ አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ። «ሁለት ሺህ አራት መቶ ምናምን» አልኳት። ለሒሳብ አስተማሪ «ምናምን» ነውር ነው፤ ተማሪ ቢለኝ ጆሮውን ነበር የምይዘው። ግን ቸኩዬ ነበር።

«በይ እንግዲህ አንቺ ጠብቂልኝ፤ እኔ መቁጠር አልወድም። ሲሞላ ንገሪኝ።»

አሠራሯ እንዲህ ነበር። አንድ ዙር ስትጨርስ፣ አጠገቧ ካለው ሰፌድ አንድ ፍሬ ባቄላ አንስታ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ትጥላለች። በቀን ዘጠኝ ዙር፣ ዘጠኝ ባቄላ። ከዘጠኝ አያልፍም፣ ከዘጠኝ አይጎድልም። ለምን ዘጠኝ እንደሆነ ብጠይቃት «የተሳልኩት እኔ ነኝ አንቺ?» አለችኝና አረፍኩት። ስለቱ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። እግሯ ነው ብዬ ደመደምኩ። የተሰበረ ሰው ምን ይሳላል?

ኅዳር ሄደ፣ ታኅሣሥ ሄደ። እኔ የተማሪ ደብተር ሳርም ከወዲያ ማዶ ባቄላው ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅ ይላል። መጀመሪያ ያበሽቀኝ ነበር፤ በኋላ ጠቅታው ሲዘገይ ቀና ብዬ አያት ጀመር። «እንቅልፍ ወሰደሽ?» እላታለሁ። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ትለኛለች። ጥር ላይ ጀሶው ወጣላት፤ ከዘራ ይዛ እስከ በሩ መራመድ ጀመረች። እሑድ እሑድ አንድ ባጃጅ ተሳፍረን እንወጣለን፤ መጀመሪያ እሷን ቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ አወርዳታለሁ፣ ቀጥሎ ያው ባጃጅ እኔን ጸሎት ቤቴ ያደርሰኛል። ባለ ባጃጁ «እናንተ ሰዎች በአንድ ሂሳብ ሁለት ሃይማኖት!» ብሎ ሲስቅ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ እየሳቀች ነበር። መንገድ በተዘጋ ሰሞንና ኔትወርክ በጠፋ ሰሞን ከወንድሜ ወሬ ሲቀር ደግሞ ሁለታችንም አንድ መስኮት ሥር ተቀምጠን እንጨነቃለን። ቀረብን ማለት ይቻላል። ምርቃቱ ግን የለም። ወደ ሥራ ስወጣ ጎንበስ እላለሁ፤ «በይ ደህና ግቢ»።

ጉዱ የፈላው በመጋቢት መጨረሻ፣ በሁዳዴ ነው። ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት አሉ፤ እናቴን እየመጡ የሚያጫውቷት እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጅ ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ቆሙና በሐዘኔታ አዩኝ።

«አይዞሽ ልጄ፤ እናትሽ መቶ ሺህ ተስለው እግዜር ዝም አይላቸውም። ትመለሻለሽ።»

«የት ነው የምመለሰው እማማ?»

«ወደ ሃይማኖትሽ ነዋ! እንዴ፣ አልነገሩሽም? ወይ አፌን በቆረጠው!»

እጄ ሳሙና እንደያዘ ቀረ። ስድስት ወር ሙሉ፣ ጠቅታውን እየጠበቅኩ፣ ባቄላ ስታጣ ከገበያ እየገዛሁ የቆጠርኩት በራሴ ላይ ነው! እንዳረፋው እጄ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ስለቱ በእኔ ነው?»

የዕለቱን ዙር ጨርሳ መቁጠሪያውን እያጣጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ። አልካደችም።

«እኔ ጠፋሁ እንዴ? ማን ነው ሌት ተቀን የሚያነሳሽ? ማን ነው ሽንት ቤት የሚወስድሽ? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ባቄላዬ!» አልኩ። ብዙ አልኩ፤ ሁሉን መጻፍ አፍራለሁ። ዝም ስትለኝ ደግሞ ባሰብኝ። ቆርቆሮውን አንስቼ ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

ባቄላው እንደ በረዶ ተበተነ። አልጋ ሥር ገባ፣ ቁም ሣጥን ሥር ገባ፣ ጫማ ውስጥ ገባ። እናቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወለሉን አየችው። ከዚያ ከዘራዋን ይዛ ተነሳችና ልታጎነብስ ሞከረች። እግሯ አልታጠፍላት አለ። ሌላኛዋን እጇን ወደ ወለሉ ዘረጋችው፤ አልደረሰም። ያ በአየር ላይ የቀረ እጅ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«ተይ፣ ተይ እማዬ፣ ተቀመጪ፤ እኔ እለቅመዋለሁ።»

በአራት እግሬ ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በከዘራዋ «እዚያ ጋ አንድ አለ፣ ከወንበሩ ሥር» እያለች ትጠቁመኛለች። ከሰዓቱ በዚሁ አለቀ። የለቀምኩትን ቆጠርኩት፦ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ስምንት።

አሁን እዚህ ላይ አስተማሪነቴ ተነሳ። በቀን ዘጠኝ ከሆነ የሚጣለው፣ ድምሩ የግድ የዘጠኝ ብዜት ነው። የዘጠኝ ብዜት ደግሞ ምልክት አለው፤ አኃዞቹን ብትደምሯቸው መልሰው ዘጠኝ ይሆናሉ። አንድና ስድስት ሰባት፣ አንድ ስምንት፣ ስምንት ሲጨመር አሥራ ስድስት። አንድና ስድስት ሰባት። ሰባት ዘጠኝ አይደለም።

«ሁለት ይጎድላል» አልኳት።

«ምን?»

«ሁለት ባቄላ ጎድሏል። ወይም አሥራ አንድ። ግን ሁለት ይመስለኛል።»

«እንዴት አወቅሽ? እኔ እንኳ ስንት እንደጣልኩ አላውቅም።»

«ዘጠኝ ይነግረኛል።»

አየችኝ። የምቀልድባት መስሏታል። እኔ ግን ቀልድም አልነበረብኝ፤ ባትሪ ይዤ አልጋ ሥር ገባሁ። አንዷን ከግድግዳው ጥግ አገኘኋት። ሌላዋ ጠፋች። ምንጣፉን ገለበጥኩ፣ ጫማዎቼን አራገፍኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ እናቴ ነጠላዋን ልታስተካክል ስትዘረጋው ከእጥፋቱ ዱብ አለች። ሁለተኛዋ ባቄላ! እናቴ እኔን አየች፤ ፀጉሬ በአቧራ ነጥቷል፣ አፍንጫዬ ላይ የሸረሪት ድር ተለጥፏል፤ ሳቀች። ፊቷን ሳትሸፍን ሳቀች። ቤቴ ከገባች በግልጽ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ። ለዘጠኝ ሲካፈል መቶ ሰማንያ ቀን፤ ልክ ስድስት ወር። በትኩሳት የተንቀጠቀጠችበት ሳምንት ነበር፣ ጀሶው የወጣበት የሕመም ቀን ነበር። አንድም ቀን አልዘለለችም።

«ለምን ግን ዘጠኝ?» አልኳት ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ።

«ዘጠኝ ወር አይደል የተሸከምኩሽ» አለችኝ፤ ይህን የማያውቅ ሰው እንዳለ ገርሟት።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ፊቴን አዙሬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የምትለምነውን ነገር አልፈልገውም። እምነቴን አውቄ ነው የያዝኩት፤ በማንም ባቄላ አልለቀውም። ልመናዋ በእኔ እጅ እንዲጎድል ግን በጭራሽ አልፈለግኩም። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ አትጠይቁኝ፤ አደሩ።

ያን ዕለት ማምሻውን «ምናምን» ያልኩትን በወግ ላሰላ ወረቀት አወጣሁ። መቶ ሺህ ለአርባ አንድ። ድርሻው ሁለት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ቀሪው አንድ።

አንድ! ማለትም አርባ አንድ ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ሳይጎድል ሳይተርፍ የሚደርሰው ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነው። አምስት ዘጠኝ ተሰልፎ። እኔ ከቁጥር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ የሚዘለኝ ልብ አለኝ። ቁጥሩን መፈልፈል ያዝኩ። ለዘጠኝ ስታካፍሉት አምስት አንዶች ይቀራሉ፤ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ ብሰጣቸው ግማሾቹ «ብቸኛ ቁጥር ነው፣ አካፋይ የለውም» ይሉኛል፤ አንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲቆሙ መግቢያ ያላቸው አይመስሉም። አላቸው። አርባ አንድ ሲባዛ ሁለት መቶ ሰባ አንድ ነው። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከእነሱ ወዲያ የሚፈለፈል የለም። እንግዲህ ያ ትልቅ ቁጥር ዘጠኝ በአርባ አንድ፣ ያም በሁለት መቶ ሰባ አንድ ሲባዛ ነው።

እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመ። አርባ አንዱ መቁጠሪያዋ ነው። ዘጠኙ የቀን ዙሯ ነው። ታዲያ ሁለት መቶ ሰባ አንዱ? ቀኑ ነዋ! ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን፤ ዘጠኝ ወር ሁለት መቶ ሰባ። ዘጠኝ ወር ከአንድ ቀን።

ያቺን ፊደል ያልቆጠረች ሴት ዞሬ አየኋት። ዘጠኙን የመረጠችው ስለ እርግዝናዋ ነው፤ መቶ ሺሁን የተሳለችው ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ስላልመጣላት ነው፤ አርባ አንዱን የሰጠቻት ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ሦስቱ ተገናኝተው ስለ እኔ ለመጸለይ ዘጠኝ ወር ይፈጃሉ። ማን አስልቶላት? ብነግራት «ዘጠኝ ወር ከአንድ ቀን ነው የሚፈጀው» ብዬ፣ «አንቺም ከቀንሽ አልፈሽ ነው የወጣሽ፤ ያኔም እልኸኛ ነበርሽ» አለችኝ፤ ምንም አልገረማትም።

ተራፊዋን አንድ ግን አልነገርኳትም። ለራሴ ስጫወትባት ቆየሁ። አንድን ለአርባ አንድ አካፍሉ፤ ከነጥቡ ወዲያ ዜሮ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ ይመጣል። ያው የዙሯ ቁጥር ነው። ከዚያስ? ቀሪው እንደገና አንድ፤ እንደገና ያው አኃዝ። አንዷ ስላላለቀች ስሌቱ ማለቂያ የለውም።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። ቆርቆሮው እየሞላ ነው። ሲሞላ ምን ይሆናል? እናቴ ቀና ብላ «እሺ፣ ትመለሻለሽ ወይ?» ትለኛለች። እኔ እውነቱን እናገራለሁ፤ ለእናቴ ዋሽቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የምርቃቱ ነገር ያበቃለታል፤ መቶ ሺህ ኪርያላይሶን ያልመለሳት ልጅ በምን አፍ ትመረቃለች? አንዳንድ ቀን የምመልሰውን እየተለማመድኩ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠይቀኝ አልሰማም ነበር።

ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት፣ ፊቷን ስትታጠብ፣ ከቆርቆሮው ባቄላ ሰረቅኩ። ያውም በብልሃት፣ ዘጠኝ ፍሬ! የዘጠኝ ብዜትነቱ አይበላሽም፤ ማንም አያውቅም፤ አንድ ቀን ተገፋ ማለት ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ብሰርቅ ክረምቱን አሻግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ባቄላዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ከበዱኝ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እየነኩኝ። ለምሳ ስመለስ መልሼ ጣልኳቸው።

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያውን ይወቅጠዋል፤ የእንጅባራ ጉም እስከ በሩ መጥቷል። ያን ጠዋት ከቤት ንቅንቅ አላልኩም። ድንች እልጣለሁ፣ እናቴ ዙሯን ትዞራለች፤ ባቄላው ጠቅ ባለ ቁጥር ቢላዋው ጣቴን ሊቆርጠኝ ይደርሳል። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።

«ሞላ ወይ?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «አንድ ቀረሽ» አልኳት።

«አንድ ዙር?»

«አንድ ኪርያላይሶን። አንዲት ብቻ። እሷን ስትይ መቶ ሺህ ነው።»

የመጀመሪያዋን ፍሬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘች። ድንቹን አስቀመጥኩ። ከንፈሯን ጠበቅኩ። የተለማመድኩትን መልስ በልቤ ደገምኩት። እናቴ አየችኝ፤ ደግማ አየችኝ። ከዚያ ፍሬዋን ለቀቀችና መቁጠሪያውን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«ትቅር» አለች።

«ምን ትቅር?»

«አንዷ። ትቅር።»

ከፋሲካ ጀምሮ የፈራሁት ሰው እኔ ነኝ፤ ግን እዚያች ላይ አስተማሪዋ ቀደመችኝ። «እማዬ፣ በአንድ እኮ ነው! ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብሎ ያቆመ ሰው የት አለ?»

«ይኸው እኔ አለሁ።»

«ስለት ነው እኮ!»

«ስለት ከሞላ ይጠየቃል» አለች ቀስ ብላ። «ማንን ልጠይቅ? እሱን እንዳልጠይቅ እፈራለሁ። አንቺን እንዳልጠይቅ መልስሽን አውቀዋለሁ፤ ከግንቦት ጀምሮ ፊትሽ ላይ ነው። አፍሽ ካወጣው አጣሻለሁ። ካልሞላ ግን እሱም አልከለከለኝም፣ አንቺም እንቢ አላልሽኝም። አንዷን ይዣት ልኑር።»

«ጎደሎ ስለት አይከብድሽም?» አልኳት።

«እሱም እናት አለችው። እሷ ታስረዳዋለች።»

በሌላ ቀን ቢሆን በዚህች ንግግር ላይ አንድ ሰዓት እከራከራት ነበር። ትክክል ይሁን አይሁን አልመዘንኩም፤ እንዳታጣኝ ብላ መቶ ሺሁን ያጎደለችልኝ ሴት ፊቴ ተቀምጣለች፤ ሌላ ነገር አልታየኝም።

«ነይ ወዲህ» አለችኝ። «ጎንበስ በይ።»

የሰማሁት እውነት አልመሰለኝም። ሄድኩና ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። ሁለት እጇን አናቴ ላይ ጫነች። እንትፍ አለችብኝ፤ እንትፍ፤ እንትፍ። ምራቋ ፀጉሬ ውስጥ ሲገባ ሞቀኝ።

«ትምህርትሽን ይግለጽልሽ» አለች። «ከመምህሮችሽ ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ከጓደኛ ክፉ ይሰውርሽ። በመኪና ስትሄጂ መንገዱን ያቅናልሽ። ተመርቀሽ ለመምጣት ያብቃሽ።»

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። መምህርቷ እኔ ነኝ፤ ከተመረቅኩ ስንት ዘመኔ! ከዚያ ገባኝ። ይህ የዚያ ዓመት ምርቃት ነው፤ ለዕረፍት መጥቼ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብዬ ያልተሰጠኝ። አልጣለችውም፤ ይዛልኝ ነበር። በተራው ነው የምትሰጠኝ። «ደህና ሥራ ይስጥሽ» አለች። «ጥሩ ባል ይስጥሽ» አለች፤ ይህ እንኳ እንደዘገየ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እያለቀስኩ ሳቄ መጣ፤ እሷም በእንባዋ መሐል ሳቀችና ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔ አሜን፣ አሜን እላለሁ። ጉልበቴ ደነዘዘ፤ አልተነሳሁም።

መጨረሻ ላይ ፀጉሬን ገልጣ ሽበቴን አየች። በጣቷ ዳበሰችው። «እደጊልኝ ልጄ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ፤ ገና እንደማድግ።